ለገሃር የማን ነው?

ስለ ነባር የምድር ባቡር ሕንፃዎችና ስለ ባለቤቶቻቸው ድምፅ

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ጉባኤ ቤት እንደ መሆኗ ስሟ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ ስፍራው የደረሱ የውጭ ሀገር ተመልካቾች ከሩቅ ያዩት፣ እንደ ማንኛውም የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ሕንፃ ነበር። ወደ ውስጥ በዘለቁ ጊዜ ግን በክቡ ግድግዳ መካከል፣ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ እጅግ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኙ። ተመልካቾቹ ነገሩን እንደ ግኝት ጻፉት። ለካህናቱና ለድጓ ተማሪዎቹ ግን ምንም አዲስ ነገር አልነበረበትም፤ ዘወትር የሚያገለግሉበት ቤታቸው ነበርና። የአካባቢው ሕዝብ አሮጌውን ሳያፈርስ በአዲሱ ከልሎ፣ አገልግሎቱንም ሳያቋርጥ ለተከታዩ ትውልድ አስተላልፎታል።

ይህን ምሳሌ በመግቢያነት ማንሣታችን ስለ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ለማተት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ከደብረ ታቦር ርቀው የሚገኙ፣ በሌላ ዘመንና በሌላ ቋንቋ የታነጹ ሕንፃዎች ናቸው፤ ይኸውም ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው አሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠሩት ጣቢያዎች፣ የጥገና ቤቶችና የሠራተኛ ሰፈሮች። የመጡበት ባቡር ቆሟል፤ የከተማው ገጽታ በፍጥነት እየተለወጠ ነው፤ ስለዚህም የእነዚህ ሕንፃዎች የወደፊት ዕጣ የዛሬ ጥያቄ ሆኗል። ስለ ዕጣቸው ማን ይጠየቅ? መቼስ ይጠየቅ? የቤተልሔም ምሳሌ የሚያስተምረን መልስ ይህ ነው፦ ሕንፃን ለትውልድ የሚያቆየው በውስጡ የሚሠራበት ሕዝብ ነውና መጠየቅ ያለበትም እርሱ ነው፤ የሚጠየቀውም ንድፉ ከመሠራቱ አስቀድሞ ነው።

ከሴባስቶፖል ቁልቁል

የደብረ ታቦር አንባቢ «የለገሃር ጣቢያ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ያስታውስ። ዋናው መድፍ የተሠራው እዚሁ ከተማችን አጠገብ በጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉን ያስጎተቱት ከዚህ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው በመንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመውንና በአርበኛው በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመውን የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ያገኛል። ዝቅ ብሎም ፈረንሳዊው አርኪቴክት ሄንሪ ሾሜት እጁን ያሳረፈበት ብሔራዊ ቴአትር፣ በፊት ለፊቱም ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ካልካ የቀረጸው የድንጋይ አንበሳ ይታያል። የጎዳናው መጨረሻ የለገሃር ጣቢያ ነው።

እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ሀገራችን የባዕድን ጥበብ የተቀበለችባቸው ሁለት መንገዶች ይገናኛሉ። በጋፋት ከሠሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መካከል ፈረንሳዊው ጠብመንጃ ሠሪ ቡርጎ ይገኝ ነበር። ይሁን እንጂ በጋፋት አዛዡ የሀገሪቱ ንጉሥ ነበሩ። በምድር ባቡሩ ግን ለረጅም ዘመን አዛዡ ኩባንያው ነበር። ይህን ልዩነት ሳያመዛዝን ስለ ጣቢያው ውበት ብቻ የሚያወራ ሐያሲ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ቅርጽና ይዘት

ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ነገር ግን የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ፤ በእግሩም የተተካው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ መስመሩን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። ሲጠናቀቅ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ የተመረቀው ከዚያ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው።

ጣቢያው በቅርጹ ሲታይ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ ፊቱን ወደ ከተማው ያዞረ፣ በጎዳናው ጫፍ ላይ እንደ በር የቆመ ሕንፃ ነው። ግዙፍነቱ መጠነኛ ነው፤ ዘመናዊ ፎቆች በዙሪያው በተነሡ ጊዜ አነስተኛ መስሎ ታይቷል። ግን ቦታውን ያውቃል። ከላይ ከከተማው የሚወርድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ ከባሕር የመጣ መንገደኛም ከእርሱ ወጥቶ ከተማውን ሽቅብ ያያል። የሥነ ሕንፃ ጥበብ አንድን ሕንፃ ከጎዳናው ጋር ማናገር ከሆነ፣ ለገሃር ይህን አድርጓል።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ያለ ይዘት ባዶ ቀፎ ነው። የጣቢያው ይዘት ምን ነበር? በአንድ ወገን ሲታይ የባዕድ ካፒታል ትርፍ የሚሰበስብበት፣ መንገደኛው በገንዘቡ መጠን በየማዕረጉ ተለይቶ የሚሳፈርበት፣ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ የሆነበት፣ ሀገሬው በገዛ ምድሩ አስተርጓሚ የሚሻበት ስፍራ ነበር። በሌላው ወገን ሲታይ ደግሞ ሐዲዱን በበረሃ ያነጠፈው፣ ከሰል ያቀበለው፣ ሻንጣ የተሸከመው፣ ትኬት የቆረጠው፣ የተበላሸውን ሞተር ፈትቶ የገጠመው ወዛደር የሚውልበት ስፍራ ነበር። በሀገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ውስጥ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚቆጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሻይና ምግብ ይዘው በመስኮቱ ሥር የሚሯሯጡት ሴቶችም የዚሁ ይዘት አካል ናቸው።

«ይህ የባዕድ ሕንፃ ነው፤ ቢፈርስ ምን ይጎድላል?» ለሚለው አስተያየት መልሱ ከዚህ ይመነጫል። ንድፉ የባዕድ ነው፤ ላቡ ግን የሀገር ነው። ባለ ገንዘቡ ድርሻውን ወስዶ ሄዷል፤ የቀረው የሠሪው ድርሻ ነው። ስለዚህ ሕንፃውን ያለ አንዳች ጥያቄ ማፍረስ የሚሰርዘው የኩባንያውን ትዝታ ሳይሆን የሠራተኛውን ነው።

ስም ያወጣ ሕዝብ

ሰፊው ሕዝብ አንድን ነገር የራሱ ማድረጉ የሚታወቀው ስም ሲያወጣለት ነው። ፈረንሳዮች በቋንቋቸው «ላ ጋር» ያሉት «ጣቢያው» ለማለት ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ ቃሉን ተቀብሎ በራሱ አንደበት አለሰለሰው፤ «ለገሃር» አለው። ዛሬ ለገሃር የአንድ ሕንፃ ስም ብቻ አይደለም፤ የሰፈር፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ፌርማታም ስም ነው። «ቡፌ ደ ላ ጋር» እና በአዋሽ ያለው «ቡፌ ዳዋሽ» የፈረንሳይኛ ቃል መሆናቸውን እንኳ የማያውቅ ሰው በልቶባቸዋል፣ አርፎባቸዋል። ቃሉ ከባዕድ ተወለደ፤ በሀገሬው አፍ አደገ። በሥነ ጽሑፍ ሒስ ሥራን የሚያሟላው አንባቢው ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ እዚህም ሕንፃውን ያሟላው ተገልጋዩ ነው።

በጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለዚህ ተጨማሪ ምስክር ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው ይህ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን የቆመ ነበር። ፋሽስት ኢጣሊያ ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም አደባባይ የተዋጋው በዚሁ ሐውልት አጠገብ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ የዘውድ ጌጥ የነበረው አንበሳ የአርበኝነት ምልክት ሆነ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ዘውዳዊው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ሐውልቱን የማንሣት ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበርና፣ ዘርዓይን የሚያስታውሱ አረጋውያን አርበኞች ተማፅነው እንዳስቀሩት ይነገራል። የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ሐውልቱን ያነበበው በቅርጹ ነበር፤ ዘውድ የጫነ አንበሳ ነውና። አርበኞቹ ግን ያነበቡት በይዘቱ ነበር። ባይጠየቁም ተናገሩ፤ በመናገራቸውም የሐውልቱ ትርጉም ዳነ።

የድሬዳዋ ትምህርት

ድሬዳዋ የምድር ባቡሩ ልጅ ናት። መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው የተዘረጋው ወደ ተራራው መውጣት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ነው፤ ከጣቢያው ጋር የተቆረቆረችው አዲስ ከተማም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከጣቢያው የሚነሡት የከዚራ ቀጥተኛ ጎዳናዎችና የዛፎቻቸው ጥላ የፈረንሳይ መሐንዲሶችን አሳብ ያሳያሉ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በሀገሬው ነጋዴ ልማድ ያደገ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች አብረው አንድ ከተማ ሆኑ።

በድሬዳዋ የጥገና ቤት ውስጥ ያሉት አሮጌ መሣሪያዎች የጣቢያውን ያህል ይናገራሉ። እነዚህን መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ የሚያውቀው በዚያ የኖረ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ከአባቱ እጅ፣ ስሙን ከፈረንሳይኛ የተማረ መካኒክ ለእያንዳንዱ ብሎን የራሱ መጠሪያ አለው። ሕንፃው ታድሶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መሣሪያው በገመድ ታጥሮ ለጎብኚ ቢቀርብ፣ ያ ሠራተኛ ግን ሳይጠየቅ ቢያልፍ፣ የተጠበቀው ቅርስ ምንድን ነው? ብረት ብቻ ነው።

አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያዎቹ ከነባሩ የከተማ መሐል ወጥተው ተሠሩ፤ በአዲስ አበባ በፉሪ ለቡ፣ በድሬዳዋም ከከተማው ውጭ። ለኢኮኖሚው የሚሰጠው ጥቅም አያጠያይቅም። የአሮጌዎቹ ጣቢያዎች ሥራ ግን በዚህ ተፈጸመ፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የቀድሞው አገልግሎት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተቋርጦ ነበርና። ሥራ የሌለው ሕንፃ ደግሞ ጠበቃ ያጣ ሰው ነው።

ምክክር ወይስ አውጫጭኝ?

በ2011 ዓ.ም. በለገሃር 36 ሄክታር መሬት ላይ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በመጣው ኢግል ሂልስ የተባለ ኩባንያ ታላቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር እንደሚገነባ ይፋ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ነዋሪዎቹ ከአካባቢያቸው ሳይርቁ በዚያው እንዲሰፍሩ እንደሚደረግ መገለጹ ሊመሰገን የሚገባው አሳብ ነው፤ ቅርስ ያለ ሰፈርተኛው እንደማይጠበቅ ያመነ አሳብ ነውና። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ጎዳናው ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል። ይሁን እንጂ በአንድ ሰፈር የተዘረጋ እድር፣ የቡና ጉርብትናና የዱቤ መተማመን በካርታ ላይ አይታይምና፣ በሚዛኑ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። ሐያሲ ይህን ካልተናገረ ማን ይናገር?

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የአባሉበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ስፍራዎችን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ሁሉ ላይ ያሳርፋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ችግሩ የሕግ እጦት አይደለም፤ የአጠያየቅ ጥበብ ማነስ ነው።

አባቶቻችን ሁለት ዓይነት ጉባኤ ያውቁ ነበር። አንደኛው አውጫጭኝ ነው፤ ሕዝቡ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚፈለገው መልስ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሁለተኛው በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ በዚያ ማንም የሸንጎውን ፍጻሜ አስቀድሞ አያውቀውም። በየአዳራሹ የሚደረገው የዛሬው ውይይት የትኛውን ይመስላል? ማኬቱ ተሠርቶ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሥዕሉ በቀለም አሸብርቆ ተሰቅሏል፤ የሥራ ተቋራጩም ታውቋል። ሕዝቡ የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች ያመሰግናሉ፤ አንድ ሰው ስለ ካሣ ይጠይቃል፤ ይጨበጨባል። ይህ የመድረክ ተውኔት ነው፤ ተመልካቹ ድራማው ካለቀ በኋላ እንዲተች እንጂ ድርሰቱን እንዲያርም አልተጋበዘም።

ይሁንና ለራሳችንም ለቅርስ ወዳዶች የሚመር እውነት አለ። ነዋሪው በቅንነት ቢጠየቅ ሁልጊዜ እኛ የምንወደውን መልስ አይሰጥም። ለእኛ የጥንት ሰገነት የሆነው ነገር ለእርሱ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ ለእኛ ታሪካዊ ግቢ የሆነው ለእርሱ አሥር ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት የቀበሌ ቤት ነው። «ሕንፃው ይቅር፤ ውኃ ይግባልን» ቢል አላዋቂ ብለን ልንንቀው አይገባም። ሕዝብን መጠየቅ ማለት መልሱን ሳያውቁ መጠየቅ ማለት ነው። ምናልባትም ውኃው ገብቶ፣ ጣሪያው ታድሶ ቢያገኘው ሕንፃውን ከእኛ ይልቅ የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል። የጋይንት ሰዎች ጥንታዊውን ቤት ያቆዩት ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስላገለገላቸውም ነው።

በሌላው የአፍሪካ ክፍል ፈረንሳዮች በሠሩት የዳካር ኒጀር የባቡር መስመር ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 እና 1948 ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተደርጎ ነበር። ሴኔጋላዊው ደራሲ ሴምቤን ኡስማን በ1960 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ልብ ወለድ መሠረቱ ይኸው አድማ ነው፤ የመጽሐፉም ዋና ባለ ታሪኮች መሐንዲሶቹና ባለሥልጣኖቹ ሳይሆኑ ሠራተኞቹና በእግራቸው ወደ ዳካር የዘመቱት ሴቶች ናቸው። ሴምቤን የገዢውን ቋንቋ የተገዢው ድምፅ መሣሪያ አደረገው። በሕንፃም ቢሆን ይህ ይቻላል። የዳካር አሮጌ ጣቢያ ለከተማው አዲስ ባቡር ሲባል አልፈረሰም፤ ታድሶ በአዲሱ ጣቢያ አጠገብ ቆሟል። በእኛም ሀገር የፈረንሳይኛው ጣቢያ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማልኛ ተናጋሪው ሠራተኛ ታሪክ የሚነገርበት ቤት ሊሆን ይችላል።

ወደ ጋፋት ስንመለስ

ይህ ሁሉ የተነገረው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦርም እያደገች ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ፎቅ ይነሣል፣ ጋፋትም ነገ የጎብኚ መዳረሻ ትሆን ዘንድ ብዙዎች ይመኛሉ። በጋፋት በዓይን የሚታየው ጥቂት ነው፤ በአፍ የሚነገረው ግን ብዙ ነው። እንግዲህ አጥርና ሐውልት ከመታሰቡ በፊት የሚነገረው ይሰብሰብ። በጋፋት ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ስለ ስፍራው ምን ሰማ? ልጆቹ በዚያ ምን ቢያዩ ይወዳል? ከብቱ የሚግጥበት መስክ ቢከለል በምትኩ ምን ያገኛል?

ከሁሉ በላይ አንድ ወገን አይረሳ። ሴባስቶፖል የእጅ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ኅብረተሰባችን ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውንና ሸማ የሚሸምነውን ለረጅም ዘመን ሲንቅ ኖሯል። መድፉን በአደባባይ እያከበርን አንጥረኛውን በስድብ የምንጠራ ከሆነ ቅርስ ጠባቂነታችን ግብዝነት ነው። ስለ ጋፋት ሸንጎ በሚቀመጥበት ቀን የመጀመሪያው ወንበር ለአንጥረኛው፣ ሁለተኛው ለሸክላ ሠሪዋ ይሁን።

ለባህል ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች የምናቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም። ንድፍ ከመነደፉ በፊት ይጠየቅ። የሚጠየቁትም በስብሰባ የለመዱት ብቻ ሳይሆኑ በሕንፃው የሠሩበት፣ የነገዱበት፣ ያደሩበት ይሁኑ። የተናገሩት በጽሑፍ ይያዝ፤ ያልተቀበሉት አሳብ ካለ ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ይመለስላቸው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በየሰፈሩ ያሉትን ነባር ቤቶች በስማቸው፣ በሠሪያቸውና በኗሪያቸው ይመዝግቡ። ሠዓሊው ይሣላቸው፤ ደራሲው የነዋሪውን ቃል ይጻፍ። ይህ ገንዘብ የሚሻ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት የሚሻ ሥራ ነው። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ሻንጣ የተሸከመው፣ ሞተር የገጠመው፣ ስለ ጋፋት ከአያቱ የሰማው ሰው በዕድሜ እየገፋ ነው። ሕንፃ ቢፈርስ ፎቶግራፉ ይቀር ይሆናል፤ ያልተጠየቀ ሽማግሌ ግን ሲያልፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል።

ለገሃር የማን ነው? ንድፉ የፈረንሳዊው፣ ፈቃዱ የንጉሡ፣ ትርፉ የኩባንያው ነበር። ስሙን ያወጣለት ግን ሕዝቡ ነው፤ በሀገራችን ልማድ ደግሞ ለልጁ ስም የሚያወጣ አባት ነው። ስለ ልጁ ዕጣ ሲመከር አባቱ በደጅ ሊቆም አይገባውም።